የኢትዮጵያ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያንና ሃያ ሦስቱ እኅቶቿ

«ካቶሊክ ከሆናችሁ በግዕዝ ለምን ትቀድሳላችሁ?» የሚለውን ጥያቄ ያልተጠየቀ የሀገራችን ካቶሊክ ያለ አይመስለኝም። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ክፋት የለውም። ካቶሊክ ማለት ሮማዊ፣ ሮማዊ ማለት ደግሞ ላቲን ነው ብሎ ስለሚያስብ፣ ከበሮና ጸናጽል፣ መጋረጃና ጥላ፣ «እግዚኦ ተሣሃለነ» የሚለውን ዜማ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲያገኝ ከሌላ ቤት የመጣ ነገር ያየ ይመስለዋል። ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ግን ይኸው አስተሳሰብ በራሳችን ምእመናን ዘንድ መኖሩ ነው። የግዕዝ ሥርዓት ለሕዝቡ እንዲመች ተብሎ ከጊዜ በኋላ የተፈቀደ፣ ዋናው ሥርዓት ግን የላቲኑ እንደሆነ አድርገው የሚናገሩ ካቶሊኮች አሉ። እኔ በግዕዝ ሥርዓት ተጠምቄ ያደግሁ ምእመን እንደመሆኔ ይህ ጉዳይ ከልቤ የሚገባ ነውና፣ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በውስጧ ምን ያህል አብያተ ክርስቲያናትን እንደያዘች፣ እኛስ ከእነርሱ መካከል የት እንደምንገኝ በዝርዝር ልጽፍ ወደድሁ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የሃያ አራት አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት ናት። ከእነዚህ አንዷ የላቲን ቤተ ክርስቲያን ስትሆን፣ በምእመናን ብዛት ከሌሎቹ ሁሉ እጅግ ትበልጣለች። የቀሩት ሃያ ሦስቱ የምሥራቅ ካቶሊካውያን አብያተ ክርስቲያናት ይባላሉ። አብዛኞቹ የራሳቸው ጳጳሳት፣ ሁሉም የራሳቸው ሥርዓተ አምልኮ፣ የራሳቸው ልማድና ሕግ አሏቸው፤ የሁሉም እምነት ግን አንድ ነው፤ ሁሉም የሮማውን ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት የጴጥሮስ ተተኪ አድርገው ይቀበላሉ። የላቲን ቤተ ክርስቲያን የምትመራበት ሕገ ቀኖና በ1983 ወጥቷል። ለምሥራቆቹ ደግሞ ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ ጥቅምት 18 ቀን 1990 የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናትን ሕገ ቀኖና አወጡ። በአንዲት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሁለት ሕግጋተ ቀኖና ጎን ለጎን መኖራቸው ብቻውን ብዙ ይናገራል፤ ምሥራቆቹ የላቲኗ ቅርንጫፍ ቢሆኑ ኖሮ ለብቻቸው ሕግ ባላስፈለጋቸው ነበር።

ይህ ሕግ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ያስቀምጣል። ራሷን የቻለች ቤተ ክርስቲያን የምትባለው በሕግ መሠረት በተዋቀረ የራሷ የጵጵስና ሥልጣን ሥር ያለች፣ የበላይዋ የቤተ ክርስቲያን ሥልጣንም እንደዚያ ያወቃት የምእመናን ማኅበር ናት። ሥርዓት የሚባለው ደግሞ ያ ማኅበር የሚኖርበት የአምልኮ፣ የነገረ መለኮት፣ የመንፈሳዊ ሕይወትና የሕግ ቅርስ ነው። ቅርሶቹ የሚመነጩት ከአምስት ምንጮች ነው፤ እነዚህም እስክንድርያ፣ አንጾኪያ፣ አርመን፣ ከለዳውያንና ቁስጥንጥንያ ናቸው። አንድን ቅርስ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሊካፈሉት ይችላሉ። የዩክሬን ግሪክ ካቶሊኮች፣ የሶርያና የሊባኖስ መልካውያን፣ የሩማንያና የስሎቫክያ ግሪክ ካቶሊኮች፣ በደቡብ ጣሊያን የሚኖሩት አልባንያውያንም ሁሉ የሚቀድሱት በቁስጥንጥንያ ሥርዓት ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዳቸው የተለዩ አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። የእስክንድርያውን ቅርስ የሚካፈሉት ደግሞ የቅብጥ፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ካቶሊካውያን አብያተ ክርስቲያናት ሲሆኑ፣ የግዕዝ ሥርዓት የምንለው ይህ ቅርስ በእኛ ምድር ያገኘው መልክ ነው። በላቲን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ የሚላኖ ሰዎች በቅዱስ አምብሮስዮስ ስም የሚጠራውን የራሳቸውን ሥርዓት እስከ ዛሬ ይዘው መኖራቸውን ብዙዎቻችን አናውቅም።

ራስን የመቻሉ መጠን ከአንዷ ወደ ሌላዋ ይለያያል። ስድስቱ በፓትርያርክ የሚመሩ ናቸው፤ እነርሱም የቅብጥ፣ የማሮናውያን፣ የሶርያ፣ የአርመን፣ የከለዳውያንና የመልካውያን ናቸው። በእነዚህ ዘንድ ፓትርያርኩን የሚመርጠው የጳጳሳቱ ሲኖዶስ ነው፤ የተመረጠው ፓትርያርክ በመንበሩ ለመቀመጥ የሮማን ማጽደቂያ አይጠብቅም፤ ወዲያውኑ ግን ለርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ የኅብረት ደብዳቤ ይጽፋል። ቀጥለው በሊቀ ጳጳስነት ደረጃ የሚገኙት የዩክሬን፣ በሕንድ የሚገኙት የሲሮ ማላባርና የሲሮ ማላንካራ፣ እንዲሁም የሩማንያ አብያተ ክርስቲያናት ናቸው፤ የእነርሱም ሲኖዶስ ይመርጣል፣ ምርጫው ግን ከሮማ መጽደቅ አለበት። የእኛ ቤተ ክርስቲያን የምትገኘው በሦስተኛው፣ በሜትሮፖሊታን ደረጃ ነው። የጳጳሳቱ ጉባኤ ቢያንስ የሦስት ብቁ ሰዎችን ስም ለሮማ ያቀርባል፣ ሜትሮፖሊታኑን የሚሾሙት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ናቸው። ከዚህ በታች ደግሞ ጥቂት ምእመናን ብቻ ያሏቸውና በአንድ ጳጳስ ወይም በሌላ ኃላፊ የሚመሩ አብያተ ክርስቲያናት አሉ።

የኢትዮጵያ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ራሷን ወደ ቻለች ሜትሮፖሊታን ቤተ ክርስቲያንነት ከፍ ያለችው በ1961፣ በዮሐንስ 23ኛ ዘመን ነው። አዲስ አበባ የሜትሮፖሊታኑ መንበር ስትሆን፣ አስመራና ዓዲግራት በሥሯ ሀገረ ስብከት ሆኑ። የመጀመሪያው ሊቀ ጳጳሳት ብፁዕ አቡነ አሥራተ ማርያም ይመሩ ነበሩ። ተከትለዋቸው የመጡት ብፁዕ አቡነ ጳውሎስ ጻድዋ በ1985 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካርዲናል ሆኑ። ፍትሐ ነገሥትን ወደ እንግሊዝኛ የተረጎሙትም እርሳቸው ናቸው፤ ይህም አንድ የካቶሊክ ጳጳስ የሀገሩን የቤተ ክርስቲያን ሕግ ምን ያህል የራሱ ገንዘብ አድርጎ ሊያየው እንደሚችል ያሳያል። በ2015 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ የኤርትራን ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ለብቻዋ ሜትሮፖሊታን አድርገው አቋቋሙ፤ በዚያው ጊዜ የባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከት በእኛ ዘንድ ተመሠረተ። ከአዲስ አበባ፣ ከዓዲግራት፣ ከእምድብርና ከባሕር ዳር ደሴ ሌላ በግዕዝ ሥርዓት የሚመራ ሀገረ ስብከት በኢትዮጵያ የለም። ሐረር፣ መቂ፣ ሀዋሳ፣ ሶዶ፣ ሆሳዕና፣ ጅማ ቦንጋ፣ ነቀምትና ጋምቤላ የላቲን ሥርዓት ሐዋርያዊ ቪካሪያት፣ ማለትም ገና ሙሉ ሀገረ ስብከት ያልሆኑ፣ በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ስም የሚመሩ ክልሎች ናቸው፤ ከኢትዮጵያ ካቶሊኮች የሚበዙትም በእነዚህ ውስጥ የሚኖሩ ናቸው።

በአንዲት አገር ውስጥ ሁለት ሥርዓት እንዴት ሊኖር ቻለ? መልሱ በታሪካችን ውስጥ በሦስት ሰዎች ስም ይጠቀለላል፤ እነርሱም አልፎንሶ ሜንዴዝ፣ አቡነ ያዕቆብና አባ ማስያስ ናቸው።

ከእነርሱ በፊት ግን የሮማንና የግዕዝን ዝምድና የጀመሩት የራሳችን መነኮሳት መሆናቸውን መርሳት የለብንም። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሮማ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ የሚገኘው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ለኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች ማረፊያ ሆኖ ተሰጠ፤ ዛሬም ስሙ «የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ» ነው። አባ ተስፋ ጽዮን የሐዲስ ኪዳንን የግዕዝ መጽሐፍ በ1548 እና በ1549 በሮማ ያሳተሙት በዚያ ቤት እየኖሩ ሲሆን፣ የቅዳሴ ጸሎትንም ከመጽሐፉ ጋር አብረው አውጥተዋል። እኒያ መነኮሳት ከጳጳሱ ጎረቤት ሆነው ሲኖሩ ግዕዛቸውን አልጣሉም፤ ማንም ጣሉ አላላቸውም። በቫቲካን ግንብ ውስጥ የሚገኘው የኢትዮጵያ ኮሌጅ የተመሠረተው በ1919 ቢሆንም፣ ሥሩ ያለው በዚህ ቤት ነው።

ሜንዴዝ የመጣው በሌላ መንፈስ ነበር። ከእርሱ በፊት የነበረው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ የሀገሩን ቋንቋ ያጠና፣ ታጋሽ ሰው ነበር፤ አፄ ሱስንዮስ ወደ ካቶሊክ እምነት የገቡትም በእርሱ ምክንያት ነው። በ1625 በፓትርያርክነት የገባው ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ሜንዴዝ ግን አንድነትን ከመመሳሰል ጋር ደባለቀው። ካህናቱ እንደገና እንዲካኑ፣ ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ታቦታትና አብያተ ክርስቲያናት እንደገና እንዲባረኩ፣ ጾሙና በዓላቱ በላቲን ቀመር እንዲቆጠሩ፣ የቅዳሜ ሰንበት አከባበርና ግዝረት እንዲቀሩ አዘዘ። ለአንድ ገበሬ ወይም ለአንድ ደብተራ ይህ ምን ማለት እንደሆነ እናስብ። አያቶቹ የተጠመቁት ጥምቀት ጥምቀት እንዳልነበረ፣ ያቆረቡት ካህን ካህን እንዳልነበረ ተነገረው። አመፁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተቀጣጠለ፤ በ1632 ከላስታ ሰዎች ጋር በተደረገው ጦርነት ከወደቀው ሕዝብ ብዛት የተነሣ ንጉሡ ድል ቢያደርጉም ልባቸው ተሰበረ፤ የቀደመውን እምነት መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። መጨረሻ ላይ የግዕዝ ቅዳሴ እንዲመለስ መፍቀድ ተጀምሮ ነበር፤ ነገሩ ግን ካለፈ በኋላ ነበር። ከዚያ በኋላ ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል በዚህ አገር «ካቶሊክ» የሚለው ስም የደም ስም ሆኖ ቆየ። ይህን የምጽፈው የካቶሊክን ቤተ ክርስቲያን ለመውቀስ አይደለም፤ ሥርዓትን መናቅ እምነትን ራሱን እንዴት እንደሚያስጠላ ከእኛ ታሪክ የበለጠ ማስረጃ ስለሌለ ነው።

በ1839 ዓድዋ የደረሰው ጣሊያናዊው የላዛሪስት ማኅበር ካህን ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ ሕዝቡ አቡነ ያዕቆብ ያለው፣ ይህን ቁስል የተረዳ ሰው ነበር። የሀገሩን መነኩሴ ልብስ ለበሰ፣ በሀገሩ ጾም ጾመ፣ ግዕዝን፣ አማርኛንና ትግርኛን ተማረ፤ ያፈራቸው ካህናትም በግዕዝ ሥርዓት የሚቀድሱ ነበሩ። በዓዲግራት አቅራቢያ በጓላ የካህናት ማሠልጠኛ ከፈተ። ከጎኑ ካገኛቸው ሰዎች ታላቁ ግን ጎጃሜው መነኩሴ አባ ገብረ ሚካኤል ናቸው። በመጻሕፍት ምርመራ የደከሙ፣ የጎንደር ሊቃውንት የሚያከብሯቸው ሰው ነበሩ። ካቶሊክ ሲሆኑ የተማሩትን ግዕዝና የለበሱትን ቆብ ይዘው ነው የመጡት፤ አቡነ ያዕቆብም ካህን አድርጎ የሾማቸው በዚያው በሀገራቸው ሥርዓት ነው። በእምነታቸው ምክንያት ታስረው፣ በሰንሰለት ከጦር ሠራዊት ጋር እየተጎተቱ በነሐሴ ወር 1855 አረፉ። ቤተ ክርስቲያን በ1926 ብፁዕ ብላ አወጀቻቸው፤ አቡነ ያዕቆብን ደግሞ በ1975 በቅዱሳን ቁጥር አስገባቻቸው። የኢትዮጵያ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ዛሬ ራሷን የቻለች ቤተ ክርስቲያን የሆነችው በእነዚህ ሁለት ሰዎች ውሳኔ ላይ ቆማ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

የካፑቺን ማኅበር መነኩሴው አባ ማስያስ በ1846 የተላኩት ወደ ኦሮሞ ሕዝብ ነበር። እርሳቸው ወንጌልን የሰበኩባቸው አካባቢዎች በአብዛኛው የግዕዝ ቅዳሴ ያልደረሰባቸው ስለነበሩ የላቲኑን ሥርዓት ተከሉ፤ የኦሮምኛን ሰዋስው ጽፈው ያሳተሙትም እርሳቸው ናቸው። በደቡብና በምዕራብ ኢትዮጵያ የላቲን ሥርዓት የተስፋፋው በዚህ መንገድ ነው። የወላይታ ወይም የከምባታ ካቶሊክ በላቲን ሥርዓት ሲቀድስ የባዕድ ነገር እየተከተለ ነው ማለት ፍትሕ አይሆንም፤ ለትውልዶች የጸለየበት፣ በራሱ ቋንቋና በራሱ ዜማ ያስጌጠው ሥርዓቱ ሆኗል። የእኔ ልመና አንዱ ሥርዓት ሌላውን እንዳይውጠው ነው። ለዚህም ነው የእምድብር ሀገረ ስብከት ደስ የሚለኝ፤ በጉራጌ ምድር መሀል የግዕዝ ሥርዓት ከሰሜን ውጭም ሥር ሊሰድ እንደሚችል ያሳያልና።

አንድ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶንና የእኛን ቅዳሴ የሚያውቅ ሰው በእኛ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ቢያደምጥ ልዩነቱን የሚያገኘው በጥቂት ቦታዎች ነው። ዲያቆኑ «ጸልዩ» እያለ ሕዝቡን ለጸሎት ሲያነሣ፣ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የፓትርያርኩ ስም በሚጠራበት ቦታ እኛ ዘንድ የሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ስም፣ ቀጥሎም የሊቀ ጳጳሳችን ስም ይጠራል። ንኡሰ ክርስቲያን እንዲወጡ የሚነገረው ያው ነው፤ ቅዳሴ ሐዋርያትና ቅዳሴ እግዝእትነ ማርያም ያው ናቸው፤ ካህኑ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ የሚያዜመው ዜማም የቅዱስ ያሬድ ነው። ገና በሀገራችን አቆጣጠር በታኅሣሥ 29፣ ትንሣኤም በባሕረ ሐሳብ ቀመር ይከበራል። በሁለቱ መካከል እውነተኛ የትምህርት ልዩነት አለ፤ ከኬልቄዶን ጉባኤ ጀምሮ ያለውን የክርስቶስ ባሕርይ ክርክርና የሮማውን መንበር ሥልጣን ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ነገር ግን የጸሎቱ ቤት አንድ ነው። የካቶሊክና የኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት የጋራ ኮሚሽን በ1993 በባላማንድ፣ ሊባኖስ ተሰብስቦ፣ ማኅበረሰቦችን ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላው እየቀነሱ መውሰድ የአንድነት መንገድ አለመሆኑን ሲገልጽ፣ የምሥራቅ ካቶሊኮች የመኖር መብት እንዳላቸውም አብሮ ተናግሯል። በዚህ ስምምነት መንፈስ መኖር ለእኛ ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ።

የእኛ ታሪክ ብቸኛ አይደለም። ሜንዴዝ ኢትዮጵያ ከመግባቱ ከሃያ ስድስት ዓመታት በፊት፣ በ1599፣ ከዚያው ከፖርቱጋሎች የጎዋ መንበር የመጣ ሊቀ ጳጳስ በሕንድ በዲያምፐር ሲኖዶስ ሰብስቦ የቅዱስ ቶማስ ክርስቲያኖችን የሱርስት ሥርዓት በላቲን ልማድ ቀየጠው፣ መጻሕፍታቸውንም አቃጠለ። በ1653 ሕዝቡ በማታንቸሪ በመስቀል ፊት ተሰብስቦ ከኢየሱሳውያኑ ሥልጣን እንደተለየ ማለ፤ ማኅበረሰቡ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እንደተከፋፈለ ነው። ከካቶሊካውያኑ ወገን የቀጠለችው የሲሮ ማላባር ቤተ ክርስቲያን ዛሬ ከዩክሬኗ ጋር ከምሥራቆቹ ታላላቆች አንዷ ስትሆን፣ ካህኑ በቅዳሴ ጊዜ ወደ ሕዝቡ ይዙር ወይስ ወደ መሠዊያው በሚለው ጥያቄ በቅርብ ዓመታት በኤርናኩላም የደረሰባት ብርቱ ክርክር ያ አሮጌ ቁስል ገና እንዳልሻረ ይመሰክራል።

በአሜሪካም የሆነው እንዲሁ ነው። በ1889 የግሪክ ካቶሊክ ካህን የሆነው አሌክሲስ ቶት ሚኒያፖሊስ ደርሶ ራሱን ለአካባቢው የላቲን ሊቀ ጳጳስ ሲያቀርብ፣ ሚስቱ የሞተችበት ቢሆንም፣ አግብቶ የነበረ ካህን መሆኑ ብቻ በበጎ ዓይን እንዳይታይ አደረገው፤ ሊቀ ጳጳሱም አልተቀበለውም። በ1891 ቶት ከነምእመናኑ ወደ ሩስያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ገባ፤ ብዙ ሺሕ ሰዎችም ተከተሉት። ሮማ በ1929 ያገቡ የምሥራቅ ካህናት በአሜሪካ እንዳያገለግሉ መከልከሏ ደግሞ ሌላ መለያየት አመጣ። ያ ክልከላ የተነሣው በ2014 ነው። የምሥራቁ ሕግ ያገቡ ወንዶች ካህን የሚሆኑበትን ጥንታዊ ልማድ ያከብራል፤ በእኛ ዘንድ ግን አብዛኞቹ ካህናት ያላገቡ ናቸው፤ ይህም የላቲን ሚስዮናውያን ተጽዕኖ ምን ያህል ጥልቅ እንደነበረ ያሳያል።

በሌላ በኩል ሥርዓቱን በደም የጠበቀም አለ። በ1946 በሶቪየት መንግሥት ግፊት በልቪቭ በተሰበሰበ ጉባኤ የዩክሬን ግሪክ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ፈርሳለች ተባለ፤ መሪዋ ዮሲፍ ስሊፒ እስከ 1963 ድረስ በእስር ቤቶችና በግዞት ኖሩ፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ በየቤቱና በየጫካው ተሰውራ እየቀደሰች እስከ 1989 ቆየች። በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም የመልካውያኑ ፓትርያርክ ማክሲሞስ አራተኛ በላቲን መናገርን እምቢ ብለው በፈረንሳይኛ ተናገሩ፤ ላቲን የላቲኖች እንጂ የመላይቱ ቤተ ክርስቲያን ቋንቋ አለመሆኑን በተግባር አሳዩ። ጉባኤው ኅዳር 21 ቀን 1964 ባወጣው ድንጋጌ የምሥራቅና የምዕራብ ሥርዓቶች በክብር እኩል እንደሆኑ፣ ምሥራቆቹም ከቅርሳቸው ሳይገባ የራቁ ከሆነ ወደ አባቶቻቸው ልማድ እንዲመለሱ ሲያዝዝ የእርሳቸው ድምፅ ይሰማበታል።

ሮማም ከዚህ ተምራለች ማለት ይቻላል። የከለዳውያኑና የአሦራውያኑ ጥንታዊ ቅዳሴ፣ የአዳይና የማሪ ቅዳሴ የሚባለው፣ በአሦራውያኑ ዘንድ እንደ ቀድሞው ሲቀደስ «ይህ ሥጋዬ ነው» የሚለው የጌታ ቃል በአንድነት ተነግሮ አይገኝበትም። በላቲን ነገረ መለኮት ዓይን ይህ ትልቅ ጥያቄ ነበር። ይሁንና በ2001 ሮማ ይህ ቅዳሴ እውነተኛ ቅዳሴ መሆኑን አወቀች። የራስን ሚዛን ለሁሉ መለኪያ አለማድረግ ማለት ይህ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን፣ ብዙ ጊዜ ወደማንነጋገርበት ጉዳይ እንምጣ። አንድ ሰው የየትኛዋ ቤተ ክርስቲያን አባል እንደሆነ የሚወስነው የተጠመቀበት ሕንፃ አይደለም። በሕጉ መሠረት ሁለቱም ወላጆች ካቶሊክ ከሆኑ ልጁ የአባቱን ቤተ ክርስቲያን ይከተላል፤ ወላጆቹ ተስማምተው ከጠየቁ የእናቱን ሊከተል ይችላል፤ ካቶሊኳ እናቱ ብቻ ከሆነች የእርሷን ይከተላል። ስለዚህ አባቱ ከዓዲግራት ወይም ከእምድብር የሆነ ሕፃን በሮም፣ በስቶክሆልም ወይም በዱባይ በላቲን ካህን እጅ ቢጠመቅም የኢትዮጵያ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ልጅ ነው። ዕድሜ ልኩን በላቲን ቤተ ክርስቲያን ቢያስቀድስና ቢቆርብም አባልነቱ በዚያ አይለወጥም፤ ለመለወጥ ፈቃድ ያስፈልጋል። ማስቀደስንና መቍረብን በተመለከተ ግን ማንኛውም ካቶሊክ በየትኛውም ካቶሊካዊ ሥርዓት ውስጥ ነፃ ነው።

ይህ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በእኛ ሥርዓት ሕፃኑ በተጠመቀበት ዕለት ሜሮን ይቀባል፤ በላቲኑ ግን ሜሮን ለዓመታት ይቆያል። በእኛ ሥርዓት ጋብቻ የሚጸናው በካህን ቡራኬ ነው፤ በላቲኑ ዲያቆንም ማጋባት ይችላል። ይህ ልዩነት ብዙ ችግር በማምጣቱ በ2016 ፍራንቸስኮስ ሁለቱን ሕግጋት አጣጥመው፣ ከተጋቢዎቹ አንዱ እንኳ የምሥራቅ ካቶሊክ ከሆነ ካህን እንዲያጋባ አዘዙ። በዚያው ድንጋጌ በጥምቀት መዝገብ ላይ የተጠማቂው ቤተ ክርስቲያን እንዲጻፍ ታዟል። በተግባር ግን ይህን የማያውቁ ደብሮች አሉ፤ መዝገቡ ዝም ሲል ልጁ ላቲን ተብሎ ያድጋል፣ ሲያገባም ማንነቱን የሚያውቅ ሰው አይገኝም።

በውጭ አገር የምንኖረው ምእመናን ሁኔታ ከዚህም ይከብዳል። የሲሮ ማላባር ምእመናን በቺካጎ፣ በሜልቦርንና በብሪታንያ የራሳቸው ሀገረ ስብከት አላቸው፤ ዩክሬናውያንና ማሮናውያንም በብዙ አገሮች አላቸው። የግዕዝ ሥርዓት ግን ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ አንድም ሀገረ ስብከት የለውም። በዋሽንግተን ዲሲ እንዳለው የኪዳነ ምሕረት ማኅበረ ምእመናን ያሉ ብርቱ ማኅበሮች ቢኖሩም፣ ሁሉም በአካባቢው የላቲን ጳጳስ ሥልጣን ሥር ናቸው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠሩ እኅቶቻችንም እንዲሁ በላቲን ሐዋርያዊ ቪካሪያት ሥር ይገኛሉ፤ ብዙዎቹ የዕረፍት ቀን እንኳ የተነፈጋቸው ናቸውና በገዛ ቋንቋቸው የሚያናዝዛቸው ካህን ማግኘት ትልቅ ጸጋ ይሆንላቸዋል።

ሊዮ 14ኛ በተመረጡ በሳምንታቸው፣ ግንቦት 14 ቀን 2025፣ ለምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ኢዮቤልዩ ሮማ ለመጡት ምእመናን ሲናገሩ ይህን ነገር በቀጥታ አንሥተዋል። ከአገራቸው የተሰደዱ የምሥራቅ ካቶሊኮች ሥርዓታቸውንም እንዳያጡ አሳስበው፣ የላቲን ጳጳሳት በየሀገረ ስብከታቸው ያሉትን ምሥራቆች በተግባር የሚደግፉበት መመሪያ እንዲዘጋጅ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናትን ጉዳይ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ጠይቀዋል። እኔ በበኩሌ ከዚያ መመሪያ የምጠብቀው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው በየደብሩ የጥምቀት መዝገብ ላይ የልጁ ቤተ ክርስቲያን ያለ ማዳላት እንዲጻፍ፣ ሁለተኛው ቢያንስ በአውሮፓ ወይም በሰሜን አሜሪካ ለግዕዝ ሥርዓት ምእመናን የራሳቸው ጳጳስ እንዲሾም ነው። እስከዚያው ድረስ ልጆቻችሁን በውጭ አገር የምታስጠምቁ ወላጆች ከካህኑ ጋር ስትነጋገሩ የየትኛዋ ቤተ ክርስቲያን አባል እንደሆናችሁ ራሳችሁ ተናገሩ፣ በመዝገቡም ላይ «የኢትዮጵያ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን» ተብሎ መጻፉን አይታችሁ ፈርሙ።